የታሪክ ተማሪዎቻችን ወረቀቱንና ሽማግሌውን ያግኙ
(ከጅማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ)

ለጅማ ከተማና ለጅማ ዞን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች
በከተማችን በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ታሪክ ለምታስተምሩ መምህራን
አሮጌ ሰነድና የቆየ ትዝታ በቤታችሁ ላለ የጅማ ነዋሪዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የታሪክ ተማሪዎች አሮጌ መዛግብትን እንዲያዩና ከሽማግሌዎች እንዲማሩ በር እንዲከፈትላቸው ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

በዚህች ከተማ ለረጅም ጊዜ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ መምህር ነኝ። ከሥራ ብለይም ተማሪ አልተለየኝም። የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት በደረሰ ቁጥር የቀድሞ ተማሪዎቼ ልጆች፣ የጎረቤት ልጆች፣ ከሩቅ አገር መጥተው እዚህ የተመደቡ ወጣቶችም ጭምር ቤቴ ይመጣሉ። ርዕስ ይምረጡልን፣ መጽሐፍ ያውሱን፣ የጻፍነውን ይዩልን ይላሉ። አብዛኞቹ ይዘውት የሚመጡት ርዕስ ተመሳሳይ ነው፦ የዓድዋ ጦርነት መንስኤና ውጤት፣ የ1966ቱ አብዮት፣ የመንግሥታት ማኅበር ውድቀት። ትልልቅ ርዕሶች ናቸው፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምራቸው ኖሬአለሁ። ነገር ግን ገና ሙያውን የሚጀምር ወጣት ጅማ ተቀምጦ ስለ ዓድዋ ሲጽፍ፣ ከሦስት መጻሕፍት ቀድቶ አራተኛ ከማድረግ ያለፈ ምን ሊጨምር ይችላል?

ታዲያ ስለ ጅማ ለምን አትጽፉም ስላቸው የሚሰጡኝ መልስ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። “መረጃ የለም ተባልን” ይላሉ።

መረጃ አለ። በመሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፣ በአያቶች ሣጥንና በሽማግሌዎች አንደበት አለ። ተማሪው ዘንድ እንዳይደርስ የሚያደርገው የተዘጋ በር ነው። በሩ ተዘግቶ በቆየ ቁጥር ደግሞ ውስጥ ያለው እየጠፋ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ይህች ከተማ ለአገሪቱ ያበረከተችውን አንድ ነገር ላስታውስ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ እዚህ ሲከፈት፣ ሐኪሙም ነርሱም ከክፍል ወጥተው ሕዝቡ መካከል እንዲማሩ ተብሎ ነው ሥርዓቱ የተቀረጸው። ኢንስቲትዩቱና በ1940ዎቹ የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጅ ታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑም ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት የተቋሙ መለያ ሆኖ ቀጠለ። የጤና ተማሪዎች በቡድን እየሆኑ ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞሩ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ ሲጠይቁ፣ ሕፃናት መከተባቸውን ሲመዘግቡ ያላየ የጅማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እናቶቻችን በር ከፍተው፣ ቡና አፍልተው ተቀብለዋቸዋል። ያኔ ማንም “ልጆች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ” ብሎ አልመለሳቸውም።

ለታሪክ ተማሪ ያው በር ለምን አይከፈትም? እሱም ጠይቆ፣ አመሳክሮ፣ ተጠራጥሮ፣ ያገኘውን መዝግቦ መመለስ ነው ሙያው። በክፍል ውስጥ ስለ ምንጭ ምዘና ሲሰማ ይከርምና፣ አንድም ምንጭ በእጁ ሳይነካ ጋዋን ለብሶ ይመረቃል። አስከሬንም ሕመምተኛም ሳያይ ሐኪም ሆኖ የሚመረቅ ተማሪ ቢኖር ዝም አንልም ነበር።

ጅማ ደግሞ ለዚህ ትምህርት የተመቸች ከተማ ናት። ጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቆሟል። የንጉሡ የግል ዕቃዎች በሙዚየሙ ይታያሉ። አምስቱ የጊቤ መንግሥታት፣ ማለትም ጅማ፣ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ፣ ሁሉም በመኪና ደርሶ ለመመለስ የማይርቁ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ የሚቆመው የሂርማታ ገበያ የሲራራ ነጋዴዎች መናኸሪያ የነበረ ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን ጣሊያኖች ደቡብ ምዕራቡን ከዚህ ያስተዳድሩ ነበር፤ ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማዋ ከእጃቸው ስትወጣ የሠሯቸው ሕንፃዎች ቀሩ፣ እስከ ዛሬም እንገለገልባቸዋለን። ከዚያ በኋላ ጅማ እስከ ደርግ ውድቀት ድረስ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ዋና ከተማ ማለት ደግሞ ወረቀት ማለት ነው። ከማጂ እስከ ሊሙ ያለው አቤቱታ፣ ግብር፣ የፍርድ መዝገብ፣ የሹመት ደብዳቤ ሁሉ እዚህ ያልፍ ነበር።

ወረቀት ለታሪክ ተማሪ ምን እንደሚያስተምር በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አንድ ቤተሰብ በአደራ ከሰጠኝ ወረቀቶች መካከል የመሬት ግብር ደረሰኝ አለ። ከእጅ መዳፍ አይበልጥም። ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፤ ቀኑ የተጻፈበት ጥግ የለም። ማኅተሙ ደብዝዟል፣ የገንዘብ ያዡ ፊርማ ግን ይታያል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ለተማሪ ስሰጠው መጀመሪያ የሚለኝ “ቀን የለውም፣ አይጠቅምም” ነው። እስቲ እንየው እለዋለሁ። ደረሰኙ ላይ የመሬት ግብር፣ አሥራትና የትምህርት ግብር ተዘርዝረዋል፤ የጤና ግብር ግን የለም። የትምህርት ግብር በአዋጅ የተጣለው በ1940 ዓ.ም. ነው። የጤና ግብር የመጣው ከዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። አሥራት ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በ1960 ዓ.ም. ሲወጣ ቀርቷል። ስለዚህ ወረቀቱ ራሱ ዘመኑን ነገረን፤ ከ1940 በፊትም፣ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በኋላም ሊሆን አይችልም።

ይህ ገና መጀመሪያው ነው። መሬቱ አንድ ጋሻ፣ ወደ አርባ ሄክታር የሚጠጋ፣ “ጠፍ” ተብሎ ተመዝግቧል። በዚያን ጊዜ መሬት ለግብር ሲባል ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ይመደብ ነበር፤ ጠፉ አነስተኛ ግብር ይከፍላል። ያ መሬት ዛሬ ቡና የሞላበት ነው። እንግዲህ ተማሪው ይጠይቅ። ቡናው ከዚያ በኋላ ነው የተተከለው? ወይስ ባለመሬቱ ከሹም ጋር ተስማምቶ ለሙን ጠፍ አስብሎት ነበር? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቡና ዋጋ ሲወደድ ወደ ጅማ አካባቢ የመጣው ባለሀብትና የቀን ሠራተኛስ ከዚህ መሬት ጋር ምን አገናኘው? ጭሰኛው ማን ነበር? በየካቲት 1967ቱ አዋጅ መሬት የሕዝብ ሲሆን ይህ ጋሻ ለማን ተከፋፈለ? አንድ መዳፍ የማይሞላ ወረቀት ለአንድ ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ይዟል። ተማሪው መልሱን ለማግኘት ወደ ፍርድ ቤት መዝገብ፣ ወደ ቀበሌ ገበሬ ማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ በዕድሜ ወደ ገፉት ጎረቤቶች መሄድ አለበት። ታሪክ በኮሌጅ ደረጃ መማር ማለት ለእኔ ይህ ነው።

አሁን የሚያሳዝነኝን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ቢሮ ሲያድስ፣ በማዳበሪያ ጆንያ የታጨቀ ፋይል ወደ ውጭ ተጣለ። ዝናብ ገባው። ከፊሉ ተቃጠለ፤ ከፊሉ በኪሎ ተሽጦ ሱቅ ገባ። በዚያ ሰሞን ከሱቅ የተገዛ ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣ ወረቀት ዘርግቼ ሳነብ የድንበር ክርክር ውሳኔ ሆኖ አገኘሁት። የከሳሹና የተከሳሹ ስም፣ የምስክሮች ቃል፣ የወንዝና የዛፍ ምልክት ሁሉ ነበረበት፤ የዳኛው ውሳኔ ግን በሌላ ወረቀት ላይ ስለነበር ሌላ ሰው ቤት ገብቷል። የመሥሪያ ቤቱን ስም የማልጠራው አንዱን ለመውቀስ ስላልተነሣሁ ነው። ሠራተኞቹም ክፉ አስበው አይደለም፤ ቦታ ጠቧቸው ነው። ግን የአገሪቱን መዛግብት ስለማሰባሰብና ስለመጠበቅ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 179/1991 ከወጣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋጁ ጅማ ድረስ መምጣት አለበት።

የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። ጅማ ዝናባም ናት፤ ወረቀት መሬት ላይ ከተቀመጠ በሁለት ክረምት ሻጋታና ምስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ አንድ ጣሪያው የማያፈስ ክፍል፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ አንድ ባሕር መዝገብና ቁልፍ የያዘ አንድ ሰው ይበቃል። ዝርዝሩን የሚሠራው ተማሪው ራሱ ይሁን። ለተግባር ልምምድ የሚወጡ የታሪክና የቅርስ ተማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት ለመጻፍ ብቻ በየቢሮው ተቀምጠው ከሚውሉ፣ ፋይል አቧራውን እያራገፉ፣ ዓመቱንና ጉዳዩን እየመዘገቡ ቢያገለግሉ መሥሪያ ቤቱም ያለውን ያውቃል፣ ተማሪውም ሙያውን ይማራል። ምሥጢር የሆነ፣ በሕይወት ያለን ሰው የሚነካ ፋይል ካለ ኃላፊው ለይቶ ያስቀምጠው። ስልሳ ዓመት ያለፈው የግብር መዝገብ ግን ምሥጢርነቱ ለማን ነው?

ወደ ቋንቋው ጉዳይ ልለፍ፤ በዚህ ላይ መምህራንን ነው የማነጋግረው። የጅማን ታሪክ ለመጻፍ አንድ ቋንቋ አይበቃም። ሽማግሌዎቹ የሚተርኩት በኦሮምኛ ነው። የጠቅላይ ግዛቱ ፋይል የተጻፈው በአማርኛ፣ ያውም በድሮ ጸሐፊዎች የተያያዘ የእጅ ጽሑፍ ነው። የሼኾቹ መጻሕፍትና የጋብቻ፣ የውርስና የንግድ ወረቀቶች በአረብኛ ናቸው፤ በአረብኛ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛም አለ። በዚህ ላይ የጣሊያን ዘመን ወረቀት ይጨመራል። ክፍል ውስጥ ያሉትን ልጆች ተመልከቱ። የጅማ ተወላጁ በቁቤ ተምሮ ያደገ ነው፤ ከሽማግሌ ጋር ሲቀመጥ እንደ ልጃቸው ያወራል፣ የ1940ዎቹን የአማርኛ የእጅ ጽሑፍ ሲያይ ግን ይደናገራል። ከጎንደር ወይም ከደሴ የመጣው ልጅ ወረቀቱን ያነብበዋል፣ ሽማግሌው ፊት ግን አንደበቱ ይታሰራል። ታዲያ ሁለቱን ለምን በአንድ ርዕስ አታጣምሯቸውም? እያንዳንዱ ለብቻው የሚጽፈው ሃያ አምስት ገጽ ቅጂ ከሚሆን፣ ሁለቱ ተጋግዘው አንድ ቁም ነገር ያውጡ። ልጆቹ በመኝታ ክፍል ተራርቀው በሚውሉበት በዚህ ዘመን፣ አንዱ የሌላው ዓይንና ጆሮ ሆኖ መሥራቱ ከታሪክ ትምህርት ያለፈ ጥቅምም አለው።

የአረብኛው ጉዳይ የባሰ ነው። ጅማ የታወቀች የእስልምና ትምህርት ከተማ ሆና ሳለ፣ ታሪክ ተምሮ ከሚመረቀው መካከል አንድ መስመር አረብኛ ማንበብ የሚችል ጥቂት ነው። ሊቃውንቱ እዚሁ መስጊድ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንድ መንፈቅ ዓመት፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት፣ ሼኾቹ እየተጋበዙ ቢያስተምሩ ፊደሉንና የዘመን አቆጣጠሩን እንኳ ያስጨብጧቸዋል። አንድ ተማሪ 1300 የሚል ዓመት ያለበት የውርስ ወረቀት ፎቶ ግራፍ አንሥቶ አምጥቶልኝ ነበር። በእኛ አቆጣጠር 1300 ነው ብሎ፣ ከግራኝ አሕመድ ዘመን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞት ነበር። ዓመተ ሒጅራ መሆኑን ነገርኩትና አብረን አሰላነው። 1300 ዓመተ ሒጅራ የገባው ኅዳር 1875 ዓ.ም. ነው፤ ያበቃውም ጥቅምት 1876 ዓ.ም.። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በዐሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚያንስ፣ በመቶ ዓመት ውስጥ ሦስት ዓመት ይቀድማል። በአውሮፓውያኑ ደግሞ ከእኛ ላይ ሰባት ወይም ስምንት መጨመር አለ። ልጁ ይህንን ሲያውቅ ፊቱ በራ፤ ምክንያቱም 1875 ማለት ከእምባቦ ጦርነት ቀጥሎ ያለው ዓመት ነው። በግንቦት 1874 የንጉሥ ምኒልክ ሠራዊት በራስ ጎበና መሪነት የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፎ የደቡብ ምዕራቡ ንግድ መንገድ በሸዋ እጅ የገባበት ወቅት። ጅማም ፊቷን ወደ ሸዋ ያዞረችው በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ቤተሰብ በዚያ ዓመት ንብረቱን በወረቀት ማከፋፈሉ በአጋጣሚ ይሁን፣ ዘመኑን ፈርቶ ይሁን፣ መመርመር ያለበት እሱ ነው።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ በሰላም ገብረው ግዛታቸውን ከውድመት ማትረፋቸውን ሁላችንም ሰምተን አድገናል። ጌራ፣ ጎማና ሊሙ ነገሥታቶቻቸውን ሲያጡ፣ ጅማ ግን እሳቸው በሕይወት እስካሉበት እስከ 1920ዎቹ ድረስ በራሷ ባላባት ስትተዳደር ቆየች። ይህንን የሸዋ ዜና መዋዕል ጸሐፊ በአንድ ዓይን ያየዋል፣ የጅሬን ሽማግሌ በሌላ፣ የውጭ አገር ተጓዥ በሦስተኛ። አንትዋን ዳባዲ በ1830ዎቹ እናርያ ደርሶ የጻፈው የሰማውንና ያየውን ነው። አቡነ ማስያስ የምንላቸው ጣሊያናዊው ማሳያ በጊቤ አገሮችና በከፋ ዓመታት ኖረዋል፤ ትዝታቸውን የጻፉት ግን አገራቸው ተመልሰው፣ በእርጅና ዘመናቸው ነው። ቼኪ የተባለው ተጓዥ ጌራ ውስጥ ታስሮ ቆይቷል፤ ጓደኛው ኪያሪኒ እዚያው ሞቶበታል። በእስር የቆየ፣ ወዳጁን የቀበረ ሰው ስለ አሳሪዎቹ ሲጽፍ ብዕሩ ምን ያህል ይራራል? ይህን መጠየቅ የሚችል ተማሪ ነው የምፈልገው። ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ምን ተጠቀመበት። የጊቤን መንግሥታት ታሪክ በሰፊው ያጠኑት እንደ ፕሮፌሰር መሐመድ ሐሰን ያሉ ሊቃውንት የተጓዦቹን መጻሕፍትና የአገሩን የቃል ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጠው ነው የሠሩት። ያ መንገድ ለዶክትሬት ብቻ የተተወ አይደለም፤ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪም በአቅሙ ይሠራል።

ከሁሉ የሚከብደውን ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። በሂርማታ ገበያ ቡናና ማር፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልተሸጠም። ሰው ተሸጧል። ከዚህና ከአካባቢው አገሮች የተነጠቁ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በሲራራ ተነድተው፣ ዓባይን ተሻግረው በጎጃም በኩል እስከ ጎንደርና ምፅዋ ደርሰዋል። ነጋዴው ከሁሉም ወገን ነበር፤ ገዢውም እንዲሁ። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን የሚገድብ ሕግ ወጣ፣ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ፈጽሞ ተከለከለ። በ1934 የተወለደ ሰው ዛሬም በመካከላችን አለ። የተሸጡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆችም አሉ፤ የሸጡትም እንዲሁ።

ስለዚህ ዝም ይባላል። ሽማግሌው ወሬውን ይቀይራል። ተማሪው ርዕሱን ይፈራል። መምህሩም ነገር እንዳይነሣ ይሸሻል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ እንዲሰጥ የተደረገው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ሲዘጋጅ ምን ያህል ክርክር እንዳስነሣ ታስታውሳላችሁ። አንዱ ወገን ክብሩ ብቻ እንዲነገር ይፈልጋል፣ ሌላው በደሉ ብቻ። እኔ ግን ለአንድ ከተማ ክብርም በደልም በሰነድ ተመርምሮ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ቢነገር ይሻላል እላለሁ፤ እዚያ ካልተነገረ በየመንገዱ በድንጋይ ይነገራልና። ተማሪው ሥነ ምግባሩን ጠብቆ፣ የሰው ስምና የዘር ሐረግ ሳያጋልጥ፣ ፈቃድ ጠይቆ ይጻፈው። መምህሩም ከጎኑ ይቁም።

ከሊሙ እናርያ የተገኘችውን አስቴር ጋኖን ስንቶቻችሁ ታውቋት ይሆን? በልጅነቷ ለባርነት ተሽጣ ከአገሯ ወጣች። ነፃ ከወጣች በኋላ ምፅዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ተምራ፣ ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመተርጎም ሥራ ተካፈለች። ከልጅነቷ የምታስታውሳቸውን ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽፋ አስቀመጠች፤ ከፊሉ በ1886 ዓ.ም. ገደማ ታትሟል። በልጅነቷ ከቤቷ የተነጠቀች ሴት በአእምሮዋ ይዛው የወጣችው ነው ዛሬ ለሊሙ ታሪክ ምንጭ የሆነው። የቃል ታሪክ ዋጋ የለውም የሚል ሰው ሲገጥመኝ የማነሣው እሷን ነው። ተማሪዎቻችን ወደ ሽማግሌ ሲሄዱ ወደ አባቶች ብቻ እንዳይሄዱ የምለውም ለዚህ ነው። እናቶች ዘንድ የገበያ ዋጋ አለ፣ የሰርግ ዘፈን አለ፣ ማን ከየት መጥቶ ከማን ጋር እንደተጋባ አለ፤ እናቶች በአደባባይ ሲነገር የማይሰማ ብዙ ነገር ያውቃሉ። አንድ እማማ ባረፉ ቁጥር የሚቀበረውን አስቡት።

ወላጆችም “ታሪክ ተምሮ ምን ይበላል?” ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በሚያባብል ቃል አልሸሸውም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ በተባለበት ዘመን ታሪክ ሌላ ክፍል ያልደረሰው ልጅ ተመድቦ የሚገባበት ክፍል ሆኖ ቆየ፤ ሳይወደው የሚማረው ልጅ ብዙ ነበር። ዛሬም የመምህርነት ቦታ ውስን ነው። ነገር ግን ፋይል አንብቦ፣ ምስክር ጠይቆ፣ የተለያየ ቃል አመሳክሮ በራሱ ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ሰው ፍርድ ቤትም፣ ጋዜጣም፣ ሙዚየምም፣ አስጎብኚ ድርጅትም፣ ባንክም ይፈልገዋል። ቀድቶ የተመረቀውን ግን ማንም አይፈልገውም፤ ልጃችሁ ሥራ የሚያጣው የተማረው ታሪክ ስለሆነ ሳይሆን የተማረበት መንገድ ይህ ስለሆነ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ይህንን አይፈውስም። ምርጫ ማክበብ ተማሪው ዓመተ ምሕረት ማስታወሱን ይለካል፤ ያንን የተበጣጠሰ ደረሰኝ ማንበብ መቻሉን አይለካም። ፈተናው ይኑር፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ግን በፈተናው ምክንያት እንደ ተራ ነገር እንዳይታይ መምህራንን እለምናለሁ።

ሌላም ልመና አለኝ። ተማሪዎቹ የሚጽፏቸው ጽሑፎች፣ ጥሩዎቹም ጭምር፣ ከተመረቁ በኋላ መምህሩ ቢሮ ተከምረው ይቀራሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የቆዩ የተማሪዎች ጽሑፎችን አቆይቷል፤ ዛሬ ስለ አንድ ወረዳ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከ1960ዎቹ ወዲህ የተጻፉትን እዚያ ሄዶ ያነባል። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አልፈዋል፣ ቃላቸው ግን አለ። የጅማን ሰው ቃል ለማንበብ ወደ ሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር መጓዝ የለብንም። ከጽሑፎቹ አንድ ቅጂ በከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ቅጂም ቃሉን በሰጠው ሽማግሌ ቤት ይቀመጥ። ልጁ መጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ድምፅ ቀድቶ ከሄደ በኋላ ተመልሶ የማይታይ ከሆነ፣ ቀጣዩን ተማሪ ማን ይቀበላል?

ቤታችሁ ውስጥ አሮጌ ወረቀት ያላችሁ ወገኖቼ፣ ስጡ አልላችሁም። የአባቶቻችሁ ነው፣ በእጃችሁ ይቆይ። ተማሪው ፊታችሁ ተቀምጦ ያንብበው፣ ከፈቀዳችሁ ፎቶ ግራፍ ያንሣው። በላስቲክ አትጠቅልሉት፣ እርጥበቱን ይዞ ያበሰብሰዋል፤ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ካርቶን ይሻላል። ክርክር ያለበት የመሬት ወረቀት ከሆነና ከሰጋችሁ ግን መጀመሪያ ሕግ አዋቂ አማክሩ፤ ስጋታችሁ መከበር አለበት።

በእኔ እጅ ያሉትን ወረቀቶች ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ። በአደራ የሰጡኝ ቤተሰቦችም ተማሪ እንዲያያቸው ፈቅደዋል። መሥሪያ ቤቶችም ሆኑ የትምህርት ክፍሎች የሚረከብ ቦታና የሚፈርም ሰው ካዘጋጁ በማግስቱ አስረክባለሁ። ፋይል የሚዘረዝሩ ተማሪዎችን የድሮውን የእጅ ጽሑፍ አነባበብ ያለ ክፍያ ለማስተማርም ፈቃደኛ ነኝ፤ ጡረታ የወጡ ሌሎች ባልደረቦቼም እሺ ብለዋል። የዘንድሮ ተመራቂዎች የጽሑፍ ርዕስ የሚያስገቡበት ጊዜ እየቀረበ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ቢያንስ አንድ መሥሪያ ቤት የምድር ቤቱን ቁልፍ ይዞ “ኑና እዩ” ቢል፣ በዚህ ዓመት የሚጻፉት ጽሑፎች ከወዲሁ ሌላ ይሆናሉ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
በጡረታ ላይ ያለ የታሪክ መምህር
ጅማ

ግልባጭ፦
ለጅማ መስጊዶችና አብያተ ክርስቲያናት አስተዳደር
ዘንድሮ ለሚመረቁ የታሪክ ተማሪዎች